ጸጥ ላለ ሳሎን ስንት ተክል ይበቃል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በቅርቡ ትልቁን ሶፋና ቡፌውን ሸጬ፣ ግድግዳውን ነጭ አስቀብቼ ቤቱን አቀለልኩት። ዕቃው ሲቀንስ እፎይ አልኩ፤ ግን ሳሎኑ የክሊኒክ ወረፋ መጠበቂያ መሰለብኝ። ነፍስ ይዝራበት ብዬ ሰባት ተክል ገዛሁ። ሦስቱ ሞቱብኝ። የተረፉት ስኔክ ፕላንት፣ መኒ ፕላንት፣ ዲፈንባኪያና ስሙን የማላውቀው፣ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ የተዥጎረጎረ ተክል ናቸው። የመኒ ፕላንቱም ቅጠል ቢጫ እየሆነ ነው፤ ቤቱም ተመልሶ ተጨናነቀብኝ። ሳሎኑ አራት በአራት ሜትር ገደማ ነው፤ በረንዳው ወደ ምሥራቅ ያያል። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅም አለኝ። ምን ዓይነት ተክል፣ ስንት፣ የት ላስቀምጥ? እናቴ ‹ምን አደከመሽ፣ የፕላስቲክ አበባ ግዢና ተገላገይ› ትለኛለች።»

ምላሽ፦

ከመልሱ ልጀምርና ምክንያቱን ከኋላ ላምጣ። ለሳሎንዎ አንድ ትልቅ ተክልና አንድ የአበባ ማስቀመጫ ይበቃል። ተክሉ ዓመቱን ሙሉ ቦታውን ሳይለቅ ይቆማል። በማስቀመጫው ውስጥ ያለው አበባ ግን እንደ ወቅቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ማስቀመጫው ባዶውን ይሰነብታል። ሌላው ሁሉ ወይ ወደ መኝታ ቤት፣ ወይ ወደ በረንዳ፣ ወይ ወደ ሌላ ሰው ቤት ይሂድ።

ከሁሉ በፊት ግን ዲፈንባኪያውን ዛሬውኑ ከቤት ያውጡልኝ። ቅጠሉና ግንዱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ጫፋቸው የሾለ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉ። ልጅ አንድ ጊዜ ቢያኝከው አፉና ምላሱ ይቃጠላል፣ ያብጣል፤ እብጠቱ ጉሮሮ ከደረሰ መተንፈስም ሊቸግር ይችላል። «ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ» የሚለው መፍትሔ አያዋጣም፤ የረገፈ ቅጠል ወለል ላይ ይወድቃል፣ የሦስት ዓመት ልጅም ወንበር ስቦ መውጣት ይችላል። ሲያወጡት ጓንት ያድርጉ፤ ፈሳሹ የነካው እጅ ዓይን እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

አሁን ወደ ሰባቱ ልመለስ። ተክሎቹ ቤቱን ያጨናነቁት ሰባት ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ሰባት ትንንሽ መትከያ፣ ሰባት ዓይነት ቀለም፣ ሰባት ዓይነት ቅጠል በየማዕዘኑ ሲበተን ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ቡፌው ላይ ተደርድረው የነበሩት ብርጭቆዎችና ፎቶዎች ይፈጥሩት የነበረውን ሁካታ አሁን መትከያዎቹ ተረከቡት። ዕቃ ያልበዛበት ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ስለዚህ የሚቀመጠው ነገር ጥቂት ብቻ ሳይሆን ጤናማም መሆን አለበት። በዕቃ በተሞላ ሳሎን ውስጥ አንድ የጠወለገ ቅጠል ማንም ልብ አይለውም። ባዶ ነጭ ግድግዳ ፊት ግን መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። የክሊኒክ ስሜቱም የሚመጣው ከነጩ ቀለም ይልቅ ክፍሉ ውስጥ የሚያድግና የሚለወጥ ነገር ካለመኖሩ ነው። ይህንን ደግሞ አንድ በደንብ የተያዘ ተክል ብቻውን ይፈታዋል።

ተክል የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ብርሃን ነው፤ የኛ ምርጫ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በኢንተርኔት የሚነበበው አብዛኛው ምክር የተጻፈው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ሰው ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትውል «ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ፈልጉ» ይላሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ምክሩ እንዳለ አይሠራም። ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ወደ ሰሜን ትዞራለች። ስለዚህ በበጋ ፀሐይ የሞላበት የደቡብ መስኮት ክረምት ላይ ይጨልማል። በጋውን ሙሉ ጥላ የነበረው የሰሜን መስኮት ደግሞ ግንቦት ላይ ሳይታሰብ ቅጠል ያቃጥላል። ብዙ ሰው «በጋውን ደህና የቆየ ተክል ግንቦት ላይ ምን ነካው?» እያለ የሚጠይቀኝ በዚህ ምክንያት ነው።

የእርስዎ በረንዳ ወደ ምሥራቅ ማየቱ ትልቅ ዕድል ነው። የምሥራቅ መስኮት በየትኛውም ወር የጠዋት ፀሐይ አያጣም፤ የጠዋት ፀሐይ ደግሞ ለስላሳ ናት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ የቀትርና የከሰዓት ፀሐይ ቆላ ካለው ተክል መሸጫ የመጣ ቅጠልን በአንድ ቀን ልትልጠው ትችላለች። ቅጠል ላይ የወጣ ደረቅ፣ ነጣ ያለ ቡራቡሬ ብዙ ጊዜ በሽታ ሳይሆን የፀሐይ ቃጠሎ ነው። ያ ቅጠል ተመልሶ አይድንም፤ ቦታውን ከቀየሩለት ግን አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

አንድ ቀላል ፍተሻ ያድርጉ። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ 5 ሰዓት ገደማ፣ ተክሉን ለማቆም ባሰቡበት ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት ያስቀምጡና እጅዎን ከወረቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይዘርጉ። የጣቶችዎ ጥላ ጠርዙ ለይቶ ከታየ ብርሃኑ ኃይለኛ ነው። ጥላው ደብዘዝ ብሎ፣ ግን የእጅ ቅርጽ መሆኑ ከታወቀ መካከለኛ ነው፤ አብዛኛው የቤት ተክል የሚስማማው ይኼ ነው። ጥላ ጨርሶ ካልታየ እዚያ ተክል አያኑሩ። ዓይናችን ከድንግዝግዝ ጋር ቶሎ ስለሚላመድ ክፍሉ የበራ ይመስለናል እንጂ ከመስኮት ሁለት ሦስት ሜትር ሲራቅ ብርሃኑ በጣም ይወርዳል። በእርስዎ ሳሎን ከበረንዳው በር ትይዩ ያለው ግድግዳ ለተክል የሚሆን አይመስለኝም፤ ያ ግድግዳ ባዶውን ይቆይ። ትልቁ ተክል ከበረንዳው በር በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ሜትር ርቀት ውስጥ፣ በሩን በማይዘጋ ጎን ይቁም።

የትኛው ተክል? ለእርስዎ ቤት ድራሲናን እመርጣለሁ፤ ያቺን ረጅምና ሰፊ፣ አረንጓዴ ቅጠሏ እንደ በቆሎ የሚዘናፈለውን። አገሯ ሩቅ አይደለም፤ በካፋና በሸካ ደኖች ውስጥ ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ከቡናው ጋር በጥላ ታድጋለች። በቤታችን ውስጥ ባለው ብርሃን የምትኖረውም ለዚህ ነው፤ ተፈጥሮዋ ለጥላ ነው። ውሃ ቢዘገይባት ትታገሳለች። ቅጠሏ ትልቅና ጥቂት ስለሆነ ነጭ ግድግዳ ላይ ጥርት ያለ መስመር ትሰጣለች፤ እንደ ፈርን ያለ ቅጠለ ደቃቅ ተክል ያማረ ቢሆንም ባዶ ክፍል ውስጥ ለዓይን ይበዛል። ቢጫ መስመር ያለበትን ዝርያ ይተዉና ሙሉ አረንጓዴውን ይውሰዱ። ልጅዎ ቅጠሏን ቢያኝክ ሆዱን ሊያውከው ይችላል እንጂ እንደ ዲፈንባኪያው አይጎዳውም። ያም ሆኖ «ይህ አይበላም» ብሎ ማስተማር ግድ ነው። ቤትዎ ውሻ ወይም ድመት ካለ ግን ድራሲና ለነሱ መርዝ ስለሆነች ይተዉአት፤ በምትኩ አሬካ ፓልም ይውሰዱ። አሬካ ለሰውም ለእንስሳም ችግር የለውም፤ ነገር ግን በበጋው ደረቅ አየር የቅጠሉ ጫፍ ይነዳል፣ ውሃም አዘውትሮ ይፈልጋል።

ሲገዙ ቁመቷ 1.20 እስከ 1.50 ሜትር የሆነችውን ይምረጡ። «ትንሽ ገዝቼ ላሳድግ» የሚለው ሐሳብ ለበረንዳ ጥሩ ነው፤ ለሳሎን ግን ትንሽ ተክል ወለል ላይ ተረስቶ የቀረ ዕቃ ይመስላል። የሰባቱን ትንንሽ ተክሎች ገንዘብ አንድ ላይ ቢያደርጉት አንድ ትልቅ ይገዛል። መሸጫው ውስጥ ቅጠሉን ብቻ አይተው አይውሰዱ። ግንዱን ከሥሩ ጫን አድርገው ይንኩት፤ ልስልስ ካለ በስብሷል። የቅጠሉን ጀርባና የቅጠሉን ብብት ገልጠው ይዩ፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ተባይ ነው፣ ቤት ገብቶ ሌሎቹንም ይወርሳል። ከመሐሏ አዲስ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቅጠል እየወጣ ያለችውን ይፈልጉ።

ስለ ውሃ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ሦስቱን የገደላቸው እሱ ይመስለኛልና። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜሉም፣ ጀሪካኑም፣ ተክሉም የሚሞላው ውሃ በመጣ ቀን ነው። «ዛሬ ካላጠጣሁ መቼ ይመጣል?» የሚል ስጋት አለ፣ ስጋቱም እውነት ነው። ነገር ግን በሳምንት ሁለት ቀን ማጠጣት ለአብዛኛው የቤት ተክል፣ በተለይ ለስኔክ ፕላንትና ለድራሲና፣ ከመጠን በላይ ነው። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። አፈሩ ሳይደርቅ እንደገና ከረጠበ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው አየር ይወጣል፤ ሥሩ ይታፈናል፣ ከዚያም ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መምጠጥ ስለማይችል ተክሉ ውሃ እንደ ጠማው ሆኖ ይጠወልጋል። ሰውም «ጠማው» ብሎ ይጨምርለታል፤ በዚያው ያበቃለታል።

ስለዚህ የቧንቧውን ፈረቃ ይርሱና ጣትዎን ይመኑ። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። ርጥበት ከተሰማዎት ወይም አፈር ጣትዎ ላይ ተጣብቆ ከወጣ አያጠጡ። ለትልቋ ድራሲና ደግሞ ቀጭን እንጨት ወደ ታች ሰክተው ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ያውጡት፤ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ከወጣ ጊዜው ደርሷል። በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ይህ በበጋ በ10 ቀንም በሁለት ሳምንትም ሊሆን ይችላል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። ሲያጠጡ ከታች እስኪወጣ ድረስ ያጠጡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ይድፉ። ጭልጥ አድርጎ አጠጥቶ ብዙ መቆየት፣ በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ ይሻላል።

ለተክል የሚሆን ውሃ በአንድ ጀሪካን ለይተው ያስቀምጡ። ክዳኑን ከፍተው ቢያሳድሩት የክሎሪኑ ሽታ ይቀንሳል። አትክልትና ሩዝ ያጠቡበት ውሃ ይሆናል፤ ጨው ወይም ሳሙና የነካው አይሆንም። ክረምት ሲገባ በረንዳው ላይ ባልዲ ያውጡና የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙ፤ ከሱ የተሻለ የለም። ይህን መልስ አዳማ፣ ባቱ ወይም ሐዋሳ ሆነው ለሚያነቡ አንድ ነገር ልጨምር፦ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ ድራሲናና ስፓይደር ፕላንት ደግሞ ፍሎራይድ ስለማይወዱ የቅጠላቸው ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። እዚያ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ለነዚህ ተክሎች የግድ ይሆናል።

ክረምት ላይ ሰው የሚሳሳተው ሌላም አለ። ከውጭ ያለው ሣር ሁሉ ስለሚለመልም የቤቱም ተክል እየጠጣ የሚያድግ ይመስለናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሰማዩ ተደፍኖ ስለሚውል ቤት ውስጥ ብርሃን ያንሳል፤ አየሩም እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። ተክሉ ይተኛል፣ አይጠጣም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ ስላለ ቅጠሉ የመስኮቱን መስታወት እንዳይነካ ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉት። ማዳበሪያ የሚሰጠውም ተክሉ በሚያድግበት ወቅት ነው፤ በመስከረምና በመጋቢት ሁለት እፍኝ ያህል በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ከላይ ቢነሰንሱ ለድራሲና ይበቃታል። የቡና አተላ መድፋት በየቤቱ የተለመደ ነው። አልፎ አልፎ፣ ትንሽ ብትሆን ክፋት የላትም፤ በየቀኑ ሲሆን ግን አፈሩ ላይ ቅርፊት ይሠራል፣ ይሻግታል፣ ትንንሽ ዝንቦችም ይራቡበታል።

አፈሩን ሳላነሳ ባልፍ የውሃው ነገር ጎደሎ ይሆናል። ከግቢ የተዛቀ ጥቁር አፈር መትከያ ውስጥ አይሆንም። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከመትከያው ግድግዳ ተላቅቆ ውሃው በዳር በኩል ሥሩን ሳይነካ ይወርዳል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ ይቀላቅሉ። ሬድ አሽ ማለቴ ለመንገድና ለብሎኬት የሚውለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ አተር አተር የሚያህለውን ለይተው፣ አቧራውን አጥበው ይጠቀሙበት። ቀዳዳዎቹ አየር ስለሚይዙ ሥር ይተነፍስባቸዋል።

መትከያው የሸክላ ይሁን። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች ለተክል የሚሆን ትልቅ ሸክላ ሲታዘዙ ይሠራሉ፤ ያ የሸክላ ቀለም ከነጭ ግድግዳና ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር የሚስማማውን ያህል የትኛውም ከውጭ የመጣ የሚያብለጨልጭ መትከያ አይስማማም። ያልተቀባ ሸክላ በጎኑ ስለሚተነፍስ ትርፉን ርጥበት ያወጣል፤ ውሃ ለሚያበዛ ሰው ይቅርታ አድራጊ ነው። ሲያዝዙ ከሥሩ እንዲበሳልዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ ቀዳዳው መውጣት ያለበት ጭቃው ሳይተኮስ ነው። ከተተኮሰ በኋላ ሲበሱት ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል። ከሥሩም ርጥበት ስለሚያሳልፍ ወለልዎ ላይ ክብ እድፍ እንዳይተው የሚያብረቀርቅ ሳህን ያድርጉበት። ይህ በረንዳ ላይ ለሚያኖሩትም ይሠራል፤ ከሦስተኛ ፎቅ የሚንጠባጠብ ውሃ ታች ያለችው ጎረቤት ያሰጣችው ልብስ ላይ ነው የሚያርፈው።

ተክሏ ቦታዋን ከያዘች በኋላ በጀርባዋ ያለው ግድግዳ ላይ ምንም አይስቀሉ። ቅጠሏና ግድግዳው እንዳይነካኩ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ይተዉ፤ የጠዋት ፀሐይ ስትገባ የቅጠሎቹ ጥላ ግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ ነጩም ግድግዳ ያን ጊዜ ሕይወት ያገኛል። በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ዙር ያዙሯት፤ አለዚያ ወደ በረንዳው ታጎነብሳለች። በበጋ ደግሞ የከተማችን የግንባታ አቧራ ቅጠሉ ላይ ስለሚተኛ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ከሥር በእጅዎ ደግፈው ይጥረጉላት። ወተትም ዘይትም አይቀቧት፤ ያብለጨልጫል እንጂ የቅጠሉን መተንፈሻ ይደፍናል፣ አቧራም ይይዛል።

አሁን ወደ አበባው። ዕቃ ስላነሰው ቤት ሲወራ ሰው የሚጠቅሰው ጃፓንን ነው። የጃፓኖች ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ለኛ ቤት ግን ከራሳችን የምንማረው ይበልጣል። ቄጠማ በበዓል ዋዜማ ተገዝቶ ይጎዘጎዛል፤ ቤቱ በአንድ ጊዜ ይለወጣል፣ ይሸታል፤ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ተጠርጎ ይወጣል። አደይ አበባ በመስከረም ይመጣል፣ ከጥቅምት በኋላ የለም። በሆሳዕና ዘንባባ ይገባል። ማንም ቄጠማን ዓመቱን ሙሉ ላንጥፍ አይልም። ከቤታችን ልማድ ውስጥ ለእርስዎ ሳሎን የሚጠቅመው ይህ መምጣትና መሄድ ነው። ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ያለ አበባ ከሁለት ሳምንት በኋላ አይታይም፤ ባዶ ከሰነበተ ጠረጴዛ ላይ ድንገት የተቀመጠ አበባ ግን ገና ከበር ያስቆማል።

በበዓላት መካከል ጽጌረዳ አለልዎት። አገራችን ከኬንያ ቀጥሎ ከአፍሪካ ሁለተኛዋ ጽጌረዳ ላኪ ስለሆነች በሌላ አገር በውድ የሚገዛው አበባ እዚህ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል። ከባቱ አካባቢ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚመጣው ራሱ አነስ ያለ ነው። እንደ ሆለታ ካለ ደጋ የሚመጣው ደግሞ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ቀስ ብሎ አድጎ ራሱ ትልቅ፣ ግንዱ ረጅም ይሆናል። ለእርስዎ ጠረጴዛ ከደጋው ሦስት ዘለላ ይበቃል፤ አንድም ይበቃል። በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት አበባ፣ አንድ ቀለም ብቻ ይሁን። የተቀላቀለ እቅፍ ከነማሸጊያ ወረቀቱና ከነሪባኑ ለስጦታ ነው።

እንዲቆይልዎ ቤት እንደገባ ከግንዱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል በስለት አግድም ሳይሆን ሰያፍ ይቁረጡ፤ ውሃው ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ያራግፉ፣ ውሃ ውስጥ የቀረ ቅጠል ቶሎ ይበሰብሳልና። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና ይጨምሩ፤ ስኳሩ አበባውን ይመግባል፣ በረኪናው ውሃውን የሚያበላሸውን ባክቴሪያ ይገድላል። ልጅዎ እንዳይጠጣው ግን ከፍ ያለ ቦታ ይሁን። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ይቀይሩ። ከሙዝ ሳህን አጠገብ አያስቀምጡት፤ ሙዝ ሲበስል የሚያወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አበባን ያስረጃል።

ማስቀመጫ መግዛትም ላይኖርብዎ ይችላል። እጀታው የተሰበረ ጀበና ካለዎት ውስጡን በሙቅ ውሃ ደጋግመው ያጥቡት። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አንድ ግንድ አበባ ሳይጋደም ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ጥቁሩ ሸክላም ከነጭ ጽጌረዳ ጋር እጅግ ያምራል። አደይ አበባ ሲሆን ሥሩን ሳይነቅሉ በመቀስ ቆርጠው ያምጡ። እንደ ጽጌረዳ አይቆይም፤ ለአንድ ሁለት ቀን ነው ብለው ያስቡት።

እናትዎ ስለ ፕላስቲክ አበባ ያሉት ከድካምዎ በመነሳት ነው፤ ይገባኛል። እኔ ግን ለዚህ ሳሎን አልመክርም። የፕላስቲክ አበባ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ክፍሉን የክሊኒክ ያስመሰለውን ነገር ያባብሰዋል፤ አቧራውም ከእጥፋቱ አይለቅም። ውሃ የማይፈልግ ነገር ካስፈለገ ደርቆ የሚያምር ነገር አለን፦ የማሽላ ዛላ ወይም ከሐይቅ ዳር የሚመጣ ፊላ በሸክላ እንስራ ውስጥ ሆኖ ወራት ይቆያል። ማሽላው ፍሬው የተወቃ ይሁን፤ ፍሬ ካለበት ነቀዝ ይዞ ቤት ይገባል።

ብዙ ሰው ተክል የሚገዛው «አየር ያጠራል» ተብሎ ስለሆነ ይህንንም ላንሳ። ነገሩ የመጣው ናሳ በ1989 ካወጣው ጥናት ነው፤ ሙከራው የተደረገው በታሸጉ ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ነበር። በ2019 የቀደሙትን ጥናቶች ያገናዘቡ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት መስኮት ከሚያስገባው ንጹሕ አየር ጋር ለመስተካከል በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል። ይህን የምጽፈው በተለይ ስለ ከሰል ነው። ቡና ሲፈላ መስኮትና የበረንዳ በር ይከፈት፤ ከከሰል የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የትኛውም ተክል አይመጥልዎትም፤ ሽታ ስለሌለው ደግሞ ሳይታወቅ ሰው ይገድላል። ድራሲናዋንም ከከሰል ምድጃው ራቅ ያድርጓት፤ ሙቀቱ ቅጠሏን ያደርቃል።

የቀሩትን ልደልድልልዎ። ስኔክ ፕላንቱ ወደ መኝታ ቤትዎ ይግባ፤ ብርሃን ሲያንስም ይኖራል፣ ውሃ በወር አንዴ ቢያገኝም አይጎዳም። እሱንም ልጁ እንዳያኝከው ከአልጋው ወዲያ ያድርጉት። ቀይና ቢጫ የተዥጎረጎረው እንደ ገለጻዎ ክሮተን ይመስላል። የቆላ ተክል ነው፤ ኃይለኛ ብርሃንና ሙቀት ይፈልጋል፣ በኅዳር ብርድ ቅጠሉን ያረግፍብዎታል። ፈሳሹም ቆዳ ያሳክካል፤ አዳማ ወይም ሐዋሳ ዘመድ ካለዎት ግቢ ውስጥ ቢተክሉት ያምርባቸዋል። በእሱ ቦታ በረንዳው ላይ የጥብስ ቅጠልና በሶብላ ያድርጉ፤ የጠዋት ፀሐይ ይበቃቸዋል፣ ለወጥም ይሆናሉ። ጤና አዳም ለቡና ቢያምርዎትም ልጁ እስኪያድግ ቢቆይ ይሻላል፤ ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ውሃ ይቋጥራል።

መኒ ፕላንቱ የዲፈንባኪያ ዘመድ ነው፤ ጉዳቱ ቢያንስም ያው ቅንጣት አለበት፣ ስለዚህ እሱም ከቤት ይውጣ። ግን አይጣሉት። ከመትከያው ነቅለው ሥሩን ይዩት። ነጣ ያለና ጠንካራው ጤነኛ ነው፤ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲጫኑት የሚፈርጥና የሚሸተው በስብሷል። አብዛኛው በስብሶ ካገኙት ግንዱን ከቅጠል መውጫው አንጓ ትንሽ ዝቅ ብለው በንጹሕ መቀስ ይቁረጡት፤ ሥር የሚያወጣው ያ አንጓ ነው። ሁለት ሦስት ቅጠል ያለውን ቁራጭ አንጓው ውሃ ውስጥ እንዲገባ አድርገው በጠርሙስ ያስቀምጡና ለእናትዎ ይስጡ። ቀጥተኛ ፀሐይ በሌለበት መስኮት ዳር ይሁን፣ ውሃውን በየሳምንቱ ይቀይሩለት። በጥቂት ሳምንታት ነጭ ሥር ያወጣል፤ ሥሩ ጣት ሲያህል ወደ አፈር ማዛወር ይችላሉ፣ ካልፈለጉም ውሃው ውስጥ እንዳለ ይኖርላቸዋል።